በ71 ዓመቴ ጨረቃ ልወጣ

ጡረታ የወጣሁት ለማረፍ ነበር። 31 ዓመት የመዝገብ ቤት አቧራ ስቅም ኖሬ፣ የቀረችኝን ዕድሜ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ የአላፊ አግዳሚውን ሱሪ እያማሁ ልጨርሳት አስቤ ነበር። ማን ያሳርፈኛል! ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጉንፋኔን በሎሚ ሻይ እየታገልኩ ሳለሁ፣ የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍቷን እኛ ጋ ልታሳልፍ መጣች። መጣችና ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ላፕቶፗን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ «አባባ፣ ይቺን ጌም ካልተጫወትክ አልለቅህም» አለችኝ።

ካልተጫወትክ! በእኛ ጊዜ አያት «አንተ» አይባልም። እኔ አያቴን ቀና ብዬ ፊት ለፊት ያየኋቸው ሲገነዙ ነው።

ጌም ምን እንደሆነ አያውቅም እንዳትሉኝ ደግሞ። ድሮ ከረምቦላ ቤት የነበረው የሰፈራችን ሱቅ ዛሬ ፕሌስቴሽን ቤት ሆኗል። ጎረምሶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፤ ሳይሮጡ ያልባቸዋል፣ ሳይመቱ «ጎል!» ብለው ይጮኻሉ። የእኔ ጨዋታ ገበጣ ነው፣ የቆርኪ ዳማ ነው፣ ሲበዛ ጆተኒ ነው። ስትሸነፍ ትናደዳለህ፣ ስታሸንፍ ትሳለቃለህ፣ ተነሥተህ ቤትህ ትገባለህ። ዳማ ተጫውቶ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። (አንድ ጊዜ እኔ ራሴ፤ እሱም ብር ተይዞበት ስለነበር ነው።)

«ይሄ እንደዛ አይደለም አባባ፤ ማሸነፍ መሸነፍ የለውም። ታሪክ ነው፤ ስለ ትዝታ ነው» አለች። ትዝታን እኔ የማውቀው በክራር ነው። አሁን በኪቦርድ መጣ።

ስሙ «ቱ ዘ ሙን» ይባላል፤ «ወደ ጨረቃ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ካን ጋኦ የሚባል ካናዳዊ ነው የሠራው፤ ታሪኩን ጽፎ፣ ሙዚቃውንም አብዛኛውን ራሱ ደርሶ። መጀመሪያ ሲከፈት ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎኝ ጀርባውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት። ሰዎቹ አውራ ጣት አያህሉም። በካሬ በካሬ የተሠሩ ናቸው፤ ባለቤቴ ዓይኗ ደህና ሳለ ለሶፋ ልብስ በክር ትጠልፋቸው የነበሩትን ቁርጥ። አፍንጫ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። «ሰው ይህን ሠርቶ ይሸጣል?» ብል፣ ጌም የሚገመግሙት ጌምስፖቶች የዚያን ዓመት የምርጥ ታሪክ ሽልማት የሰጡት ለዚህ መሆኑን ነገረችኝ። ሽልማት ሲባል ዝም አልኩ። እኔ ለ31 ዓመት አገልግሎት የተሸለምኩት የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እሱም በተሰቀለ በሳምንቱ ቆመ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ልትጫወቱት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ የእኔ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ በጡረታ ደብዳቤዬ አብቅቷል።) ጆኒ ዋይልስ የሚባል ሽማግሌ ባሕር ዳር ገደል ላይ በተሠራ ቤቱ ተኝቶ ሊሞት ነው። ሲግመንድ የሚባል ድርጅት ሁለት ዶክተሮች ይልክለታል፤ ኢቫ ሮዛሊንና ኒል ዋትስ ይባላሉ። ኒል ገና ሲመጣ በሽኮኮ ምክንያት መኪናውን ከዛፍ ያላትማል፤ ሐኪሙ ይህ ነው እንግዲህ። ሥራቸው ማዳን አይደለም። የሚሞተው ሰው አእምሮ ውስጥ ገብተው ትዝታውን ይነካካሉ፤ ሳይሆንለት የቀረው ምኞቱ እንደሆነለት አድርጎ እያስታወሰ እንዲሞት። የጆኒ ምኞት ጨረቃ ላይ መውጣት ነው። ለምን? ቢሉት አያውቅም።

አያውቅም! እኔም በቀን ሦስቴ ጓዳ ገብቼ ምን ፍለጋ እንደገባሁ አላውቅም፤ ለዚህ ብዬ ግን ሁለት ዶክተር አላስጠራሁም። ባለቤቴን እጠራለሁ። «መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው» ትለኛለች፤ አለቀ።

ዶክተሮቹ ምክንያቱን ፍለጋ ከሽምግልናው ተነሥተው ወደ ልጅነቱ፣ የኋሊት ይሄዳሉ። እነሱን በማውስ እየመራህ የምትወስዳቸው አንተ ነህ። በየትዝታው ውስጥ የማስታወሻ ፍንጣሪዎች ትለቅማለህ፤ ሲሟሉ አንድ ዕቃ፣ ጃንጥላ በለው፣ የጨርቅ አሻንጉሊት በለው፣ በር ይሆንልሃል። የተገለባበጡ ካሬዎች እያዟዟርክ ሥዕሉን ትገጥምና በዕቃው በኩል ወደ ቀደመው ዘመን ትዘልቃለህ። እዚህ ላይ ተመቸኝ፤ አልዋሽም። ይህ እኮ የእኔ ሥራ ነው! መዝገብ ቤት የሠራ ያውቀዋል፤ ፋይል ስትከፍት በመጀመሪያ የምታገኘው የመጨረሻውን ወረቀት ነው። ጡረታው ከላይ ነው። ከዚያ የደረጃ ዕድገቱ፣ የደመወዝ ቅጣቱ፣ የጋብቻ ማስረጃው እያለ ይወርድና፣ ከሁሉ ሥር የቅጥር ማመልከቻው ከነጉርድ ፎቶው ይገኛል። ከላይ የምታውቀው ራሰ በራ አለቃ ከሥር አፍሮውን አበጥሮ፣ ደንግጦ ያይሃል። ስንቱን ክፉ አለቃ በዚያች ፎቶ ይቅር ብዬዋለሁ።

ላወቀበት ጌሙ አራት ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። እኔ 12 ምሽት ፈጀሁ። አንደኛ ነገር፣ ሰዎቹ የሚያወሩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ ትርጉሙን ያላጣራሁትን ወረቀት አሳልፌ አላውቅም፤ መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው። ፕላቲፐስ የሚባል እንስሳ አሻንጉሊት ሲመጣማ አንድ ምሽት ሙሉ ሄደ። አፉ የዳክዬ ነው፣ እንቁላል ይጥላል፣ የፈለፈለውን ደግሞ ያጠባል። የልጅ ልጄ ፎቶውን እስክታሳየኝ ድረስ የትርጉም ስሕተት ነው ብዬ ስሟገት ነበር።

ሁለተኛው መብራት ነው። በሦስተኛው ምሽት፣ ጆኒና ሚስቱ ፈረስ ሊጋልቡ ከጋጣው ሲደርሱ፣ ድርግም። የላፕቶፑ ባትሪ እንደ ጉልበቴ ነው፤ ከግድግዳ ሲለይ ይወድቃል። በጨለማው ውስጥ የልጅ ልጄ፣ «ሴቭ አድርገህ ነበር?» አለችኝ።

«ሴቭ ምንድን ነው?»

የሽማግሌው ግማሽ ዕድሜ ጠፋ። እኔ በ31 ዓመት አንድ ፋይል ያልጠፋብኝ ሰውዬ! ስለ መብራቱ ስንደውል «ተመዝግቧል፣ እየተሠራ ነው» አሉን። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንኳ እነሱም ሴቭ አድርገዋታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጆኒ ሪቨር የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሞታለች። ዝምተኛ ናት፣ የሰው ዓይን አታይም፣ ነገሯ ከሌላው ሰው የተለየ ነው፤ ጨዋታው ከኦቲዝም ወገን መሆኑን ይጠቁማል። ታማ ሳለች ገንዘቡ ለሕክምናም ለቤት ሥራም አልበቃ ሲል፣ ለቤቱ ይሁን ብላ ሕክምናውን ትታለች። ቤቱ የሚሠራው መርከብ እንዳይስት ሌሊት ከሚያበራው ማማ አጠገብ ነው፤ ማማዋን «አንያ» ብላ ስም አውጥታላታለች። ይህችው ሴት ወረቀት እያጠፈች ጥንቸል ትሠራለች። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ክፍል ሙሉ ነው። እየሠራች ለባሏ ታሳየዋለች፤ ምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ጥንቸል ነው ይላታል። ሌላስ? ትለዋለች። ግራ ይገባዋል። አንዷ ጥንቸል ደግሞ ሰማያዊና ቢጫ ናት።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። ስክሪኑ ላይ ጮህኩ። «ሴትዮ፣ የምትፈልጊውን በአፍሽ ንገሪው እንጂ! ትዳር እንቆቅልሽ ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። «ቢነገረውስ ይሰማል?» አለች። ስለ ጆኒ የምታወራ መሰለኝ።

በዘጠነኛው ምሽት ልጅነቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ዶክተሮቹ ቢያጣሩ ጆኒ ልጅ ሳለ ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ሰጥተውት ኖሯል፤ የልጅነቱን ትዝታ የጋረደው እሱ ነው። ቤታ ብሎከር! ተነሥቼ የመድኃኒት ከረጢቴን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የደም ግፊቴ፤ አቴኖሎል። በማግስቱ ፋርማሲው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ቤታ ብሎከር ነው?»

«አዎ አባት።»

«ከጀመርኩት ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆንዎት አይቀርም።»

«ታዲያ እስካሁን የረሳሁትን ማን ይመልስልኛል?»

ልጅቷ ሳቋን ማስኳ ውስጥ ዋጠችው። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የእኔው የልብ ምት ያረጋጋል፣ ግፊት ይቀንሳል። የእሱ ወንድም የሆነውን ፕሮፕራኖሎልን ደግሞ፣ ክፉ ትዝታ ይዞት የሚመጣውን ድንጋጤ ያለዝብ እንደሆነ ብለው ተመራማሪዎች ሞክረውታል፤ የሰውን ልጅነት ጠቅልሎ የሚሰውረው ግን ጌም ውስጥ ብቻ ነው። «እርስዎ የረሱት በዕድሜ ነው» ብላ ከረጢቱን መለሰችልኝ። ይህን ያህል ግልጽ እንድትሆን ማንም አልጠየቃትም።

ዶክተሮቹ መጋረጃውን የቀደዱት በሽታ ነው፤ በአፍንጫ በሚሸተው ማለቴ ነው። ሽታ ትዝታ ይቀሰቅሳል ብለው መንገድ ላይ ተገጭቶ የሞተ እንስሳ አምጥተው ሰውዬውን ያሸቱታል። ጸያፍ! ግን ሐሰት አይደለም። እኔም ካርቦን ወረቀትና ሙጫ አንድ ላይ የሸተተኝ ቀን 28 ዓመቴ ነው፤ ወገቤም አያመኝም።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ይህ ነው። ጆኒ ጆይ የሚባል መንታ ወንድም ነበረው። እናታቸው መኪና ስታንቀሳቅስ ሳታየው ገጨችው። መድኃኒቱ የመጣው ያን ለማስረሳት ነው፤ ግን መድኃኒት እንክርዳዱን ከስንዴው ለይቶ አይነቅልም፤ አብሮ የሄደ አንድ ሌሊት ነበር። ጆኒ በሕፃንነቱ አንድ የጨዋታ ትርዒት ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተገናኝቶ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው ሰማይ አይተዋል። ከዋክብቱን ሲያገጣጥሟቸው ጥንቸል ሆኑ፤ ጨረቃዋ ሆዷ ናት። ሰማያዊና ቢጫ! ብንጠፋፋ፣ ብትረሳኝ፣ ጨረቃ ላይ እንገናኛለን ተባብለው ተለያዩ። ልጅቷ ሪቨር ናት። ጆኒ በኋላ ትምህርት ቤት ሲያገኛት የመጀመሪያ ቀኑ ነው የመሰለው። ከተጋቡ በኋላ፣ ያኔ የቀረብኩሽ ከሌሎቹ ስለተለየሽ ነበር ብሎ ሲናዘዝላት፣ እንደረሳት ገባት። ጥንቸሎቹ የጀመሩት ከዚያ ነው።

መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት። የልጅ ልጄን ሻይ አፍይልኝ ብዬ አስወጣኋትና ብቻዬን አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፤ ጉንፋን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን አበሳጨኝ። ምኞቱ እንዲሠራ ብላ ኢቫ ሰነድ ትደልዛለች! የሞተውን ወንድም ሕያው አድርጋ ትመዘግባለች፣ ሪቨርን ከትምህርት ቤቱ ትዝታ ታወጣለች። ኒል እንኳ፣ ያ ቀላሉ ኒል፣ ሊያስቆማት ይሮጣል። እኔ ሥራዬን ስጀምር ከተማርኩት ሁሉ የቀደመው ይህ ነው፤ በፋይል ላይ አይፋቅም። ስሕተት ቢኖር እንኳ አንድ መስመር ታሰምርበታለህ፣ ልኩን ከበላዩ ትጽፋለህ፣ ከጎኑ ትፈርማለህ፤ ያሰመርክበት ከሥር መነበብ አለበት። «አልጫንም!» አልኩ። ጌሙ ደግሞ እንቢ ለሚል ሰው ሌላ መንገድ አላበጀም፤ ወይ ትቀጥላለህ ወይ እዚያው ትቀመጣለህ። ሁለት ቀን ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አጫወትኳት፤ ከላይ እስከ ሥር። «ይገርምሻል» አልኳት፣ «ከሚስቱ ጋር መጀመሪያ የተገናኘበትን ቀን የረሳ ባል!»

ቀዳችልኝ። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«የጥምቀት ለት ያኖርኩልህን ሎሚ ምን አደረግኸው?»

ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጠዋት ስኒዬ አጠገብ አንድ ሎሚ ታስቀምጥልኛለች። ጥር ላይ ጉንፋን ስለማይለቀኝ ነው። «ሻይ ላይ ጨመቅኩት» አልኳት።

«44 ሎሚ ጨመቅህ።»

በ1973 ዓ.ም. በመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና፣ ብርጭቆዬን ይዤ ተነሥቼ ለእንግዳው ሁሉ ተርኬያለሁ፤ አስታውሳለሁ። ይህችን ሴት መጀመሪያ ያየኋት በመስኮት ቁጥር 4 ነው፤ ማስረጃ ፍለጋ መጥታ፣ ቀና ስል አይታኝ ሳቀች። ያኔ ጢም ነበረኝ። ታሪኩን ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየግብዣው ስደግመው ኖሬያለሁ፤ ጢሙንም ሳልጨምር አልፌ አላውቅም።

«ታዲያ አልሳቅሽም?»

«ሳቅኩ እንጂ። አወቀኝ ብዬ ነዋ! በ66 ጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ሎሚ የወረወርክብኝ ማን ሆነህ ነው?»

በ66። አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ወር ሲቀረው። ዝም አልኩ። ፋይሉ ቀስ እያለ ወደ ሥር ተገለጠ። ታቦቱ ሲመለስ ያለው አቧራ፣ የወጣቱ ጭፈራ፣ ከኪሴ ሲወጣ የሞቀው ሎሚ፤ ገና ሳልወረውረው እጄን ሽቶ ነበር። ከሴቶቹ መካከል አንዲት መለሎ ልጅ አለች፤ ሹሩባዋ እስከ ትከሻዋ፣ ሻሿ አረንጓዴ። እሷን አነጣጠርኩ። አጠገቧ አጠር ያለች፣ ቀሚሷን ከአቧራው ሰብሰብ አድርጋ የያዘች ልጅ ነበረች።

መለሎዋን አውቃታለሁ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት።

«ትከሻዬን ነው ያገኘኸኝ» አለች ባለቤቴ፣ ትከሻዋን እየዳሰሰች። «እህቴ ልታነሣው ጎንበስ ስትል ቀደምኳት። ዐላሚ ነበርክ።»

ስኒውን አነሣሁ፤ ቡናው ያቃጥላል።

«ነበርኩ» አልኳት።

ማታ ቁልፉን ተጫንኩ። ጆኒ በአዲሱ ትዝታው አድጎ ናሳ ገባ። የደለዟት ሪቨር ደግሞ በር ከፍታ እዚያው መጣች! ሮኬቷ ስትነሣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጨረቃዋ በመስኮቱ ቀስ እያለች ስትመጣ እጇን ትዘረጋለታለች። በውጭው ዓለም የልቡ ምት ማሽን ይንጣጣል፣ ይንጣጣልና ቀጥ ይላል። የልጅ ልጄ በዚህ ጊዜ ጌሙን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ሽንኩርት ነው አልኳት። ወጥ ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

ሌላም አለ ትለኛለች አሁን፤ «ፋይንዲንግ ፓራዳይዝ» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ እነዚያው ሁለት ዶክተሮች ያሉበት። «ዛሬ እንጀምረው አባባ?» ከእሑድ በኋላ ይሁን አልኳት። እሑድ የባለቤቴ እህት ለምሳ ትመጣለች፤ ላፕቶፑን ከአሁኑ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ።